ወንድሜን ጠላ ያስጠመቀው ስልክ

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። የበደለኝም ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከዚህ በታች የማወራው ደስ የሚል ነገር ስለሆነ፣ ያነበበ ሁሉ «እንግዲያው ታርቀዋል» ብሎ እንዳይደመድም ነው። አልታረቅንም። ተጣልተንም አናውቅም። በደለኝ፣ እኔም አልረሳሁትም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ዳባት ነበርን። አባታችን ቀድሞ ሞቷል፤ እናታችን ደግሞ በዚያው ዓመት ሞተች። ወንድሜ የመምህራን ማሠልጠኛ ሊገባ ተፈቅዶለታል። አንድ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ ትቀሪያለሽ» አለኝ። ዛሬን ብቻ መስሎኝ ቀረሁ። ቤት የሚይዝ፣ ታናናሾቻችንን የሚያበላ፣ የእናታችን የሚካኤል ማኅበር ተራ ሲደርስ ጠላ የሚጠምቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያ ሰው እኔ ሆንኩ። የሒሳብ አስተማሪያችን ቤት ድረስ መጥተው «ፈተናውን እንኳ ትፈተን» ብለው ለመኑት። ወንድሜ መጽሐፍ እያነበበ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያቸውም። ለእኔም አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ዝም አለ፣ ገጹን ገለጠ።

እሱ ተምሮ አስተማሪ ሆነ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሰው ሴት ልጆች ሲያስተምር ኖረ። ጎበዝ አስተማሪ ነበር ይላሉ። ይበሉ።

እኔ ደባርቅ አገባሁ። ስለ ትዳሬና ስለ ልጆቼ እዚህ አልጽፍም፤ የሰው ጉዳይ አይደለም። ባሌ ከሞተ በኋላ ጠላ ቤት ከፍቼ እንደኖርኩና ጉልበቴ ሲደክም እንደዘጋሁት ብቻ ይታወቅልኝ።

ጠላ ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ ቀኑ ረዘመብኝ። አንድ የመስከረም ጠዋት መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ሄጄ፣ ከሱቁ መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት አነበብኩ። አዲስ የድምፅ ረዳት አማርኛ መስማት ጀምሯል፤ በስልክ ያናግሩታል፣ ይመልስልዎታል፤ ለእሱ የሚሆን መተግበሪያ መሥራት የሚፈልግ ይመዝገብ፤ የዕድሜ ገደብ የለም ይላል። የመጨረሻዋን ቃል ሁለቴ አነበብኳት።

መመዝገቢያው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ለልጅዎ ነው?» አለችኝ።

«ለራሴ ነው።»

«እማማ፣ ትምህርቱ እኮ የኮምፒውተር ነው።»

«አንብቤዋለሁ። ደግሞ እማማ አትበይኝ።»

«ምን ልበልዎት?»

«እትዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳራሹ በሙሉ እትዬ አለኝ። አዳራሹ ከገበያው በላይ፣ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ስለማይቻል ጋቢያችንን ለብሰን ነበር የምንማረው። ላፕቶፖቹ አነሱና ለሁለት ለሁለት ተቀመጥን። የእኔ ጓደኛ ከሳንቃ በር የወረደ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጠባቂ፣ እስካውት ነው፤ ጢሙ ሸበት ያለ፣ ቀልደኛ ሰው። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ነበር የሚማረው።

«አንተ ምን ልትሠራ ነው የመጣኸው?» አልኩት በመጀመሪያው ቀን።

«እንግዶች ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይናከሳል ወይ፣ ምን ይበላል። መመለስ ሰልችቶኛል። ስልኩ ይመልስልኝ፣ እኔ ፀሐይ ልሙቅ።»

አሠልጣኛችን ከጎንደር የመጣች ወጣት ሴት ናት። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ በስኒከር እየሮጠች ከወንበር ወንበር ትዞር ነበር። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለችን፦ «ሰውዬው ምን ሊል እንደሚችል ታስባላችሁ፤ ያሰባችሁትን ትጽፋላችሁ። ረዳቱ ምን ብሎ እንደሚመልስ ትጽፋላችሁ። ከዚያ ወዴት እንደሚቀጥል በቀስት ታገናኛላችሁ። ሌላውን ፕላትፎርሙ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የከፈታችሁት መሥሪያ፣ ይሠራዋል። ከባዱ ነገር ሰው የሚለውን ማወቅ ነው።»

ይህን ስትል ልቤ ተነሳ። ጠላ ቤት ውስጥ ዕድሜ ልኬን የሰው ንግግር ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሰው ምን ሊል እንደሚችል እኔን ማን ያስተምረኛል ብዬ ኮራሁ። ኩራቴ ቆይቶ እንዴት እንደተነፈሰ እነግራችኋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል የመጀመሪያዋን ትንሽ ነገር የሠራሁት። ሳጥን ውስጥ «እንደምን አደሩ፤ ብርዱ እንዴት ነው?» ብዬ ጻፍኩ፣ ቀስቱን ሳብኩ፣ የሙከራውን ቁልፍ ነካሁ፣ ስልኩን አናገርኩት። ስልኩ በሴት ድምፅ ጥርት አድርጎ «እንደምን አደሩ፤ ብርዱ እንዴት ነው?» አለኝ። እኔ የጻፍኩት! ሳቄ መጣና በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። እስካውቱ ደግሞ ለስልኩ «እግዜር ይመስገን፣ አጥንት ይሰብራል» ብሎ መለሰ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ በትምህርት ቤት ነገር ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም። ወደ ቤቴ የሄድኩት እየዘፈንኩ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

የመረጥኩት ሥራ ጠላ አጠማመቅ ነበር። ምክንያቴን ሳስረዳ «ጠላ የሚጠምቅ ሰው እጁ እስከ ክርኑ ድፍድፍ ውስጥ ነው፤ ስልክ መንካት፣ ማንበብ አይችልም፤ መናገርና መስማት ግን ይችላል» አልኩ። አሠልጣኟ «በጣም ጥሩ!» ብላ ነጭ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ከዚያ የሥልጠናውን መጨረሻ ነገረችን። እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንመርጣለን። ያ ሰው መተግበሪያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከሠሪው ምንም እርዳታ ሳያገኝ ከጨረሰ፣ መተግበሪያው ለሕዝብ እንዲወጣ ይላካል። ካልጨረሰ ግን ሠሪው ተሳትፏል የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ተሳትፏል የሚል ወረቀት አልፈለግሁም። ተሳትፌማ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍልም ተሳትፌ ነበር። የጀመርኩትን አንድ ትምህርት ልጨርስ ነበር የፈለግሁት።

በዚያው ሰሞን፣ ትምህርት ላይ ሳለሁ ወንድሜ ደወለ። ወጥቼ አነሳሁት።

«እታለም፣ እንደምን ነሽ?»

እታለም ካለኝ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው። «ደህና ነኝ፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። ወንድም ጋሼ የምለው አፌ ስለለመደ ነው።

«ባለቤቴ አዲስ አበባ ሄዳለች። ልጃችን ልትወልድ ነው።»

«ማርያም በሽልም ታውጣት።»

«አሜን። እኔ ደግሞ የኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ተረኛ ነኝ።»

የአዳራሹን በር ከኋላዬ ዘጋሁት።

«መጥተሽ ጠላውን ብትጠምቂልኝ ብዬ ነው።»

«አልችልም።»

«ምነው፣ ጉልበትሽ ነው?»

«ትምህርት ላይ ነኝ።»

ይህችን ቃል ለእሱ ለማለት ስንት ዘመን እንደጠበቅሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ስላት እንዴት እንደጣፈጠችኝ መደበቅ አልፈልግም።

«የምን ትምህርት?»

«የኮምፒውተር። ፈተናም አለብኝ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«በዚያኛው ዕድሜዬማ አልተቻለም።»

በስልኩ ውስጥ የዳባት ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኝ ነበር። ቆይቶ፣ ጎረቤቶቹን መለመን እንደማይችል፣ በአጥር ላይ በተተከለ ባሕር ዛፍ ሰበብ ከተኮራረፉ እንደከረሙ ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

«እኔ አልመጣም። የሠራሁትን ግን እልክልሃለሁ፤ እሱ ያስጠምቅሃል።»

«ማነው የሚያስጠምቀኝ?»

«ስልክህ።»

«እኔ ነኝ ጠላ የምጠምቀው?»

«እጅ አለህ አይደል?»

ስመለስ ለአሠልጣኟ ሞካሪ እንዳገኘሁ ነገርኳት። አንድ ጥያቄም ጠየቅኋት፦ «ረዳቱ ለሰው ሁሉ ‹ያጥቡ፣ ይውቀጡ› እያለ በአክብሮት ነው የሚናገረው። ለአንድ ሰው ብቻ ‹እጠብ፣ ውቀጥ› እንዲለው ማድረግ ይቻላል?»

«አይቻልም እትዬ፤ ለሁሉም አንድ ነው። ለምን?»

«እንዲሁ ነው።»

እስካውቱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

መተግበሪያውን ጨርሼ ላክሁለት። የሠራሁት በጥያቄ ነበር። ስልኩ አንድ ሥራ ያዛል፣ ከዚያ ይጠይቃል፦ ጋኑ ታጥቧል? በወይራ ታጥኗል? ጌሾው ተወቅጧል? ሰውዬው አዎ ካለ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ የለም ካለ ይጠብቀዋል። አዳራሹ ውስጥ ራሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሞክሬው ነበር። እስካውቱም ሞክሮታል። ሁለታችንም እንደ ተማሪ ቀጥ ብለን «አዎ! አዎ!» እያልን ስንመልስ ስልኩ እንደ ውኃ ፈሰሰ።

በማግስቱ ወንድሜ እንደጀመረ በኮምፒውተሩ አየሁ። ፕላትፎርሙ ረዳቱ ያለውንና ሰውዬው የመለሰውን መስመር በመስመር ያሳያል። ረዳቱ «ጋኑ ታጥቧል?» ብሏል። ከሥሩ ባዶ ነው። ረዳቱ «ይቅርታ፣ አልሰማሁም። ጋኑ ታጥቧል?» ብሏል። ከሥሩ ባዶ። ሌላ ጊዜም እንደዚያው፤ ከዚያ ረዳቱ «ደህና ይሁኑ» ብሎ ዘግቷል። እንደገና ከፍቶታል፤ እንደገና ባዶ። በዚያ ቀን አራት ጊዜ ከፍቶ አራቱንም ጊዜ ዝም ብሏል።

ደሜ ፈላ። ይህንን ዝምታ አውቀዋለሁ። አስተማሪዬ ሲለምኑት ዝም ያለው ዝምታ ነው። እኔ የሠራሁት ነገር ሲጠይቀው አፉን ከፍቶ መመለስ ውርደት ሆነበት አልኩ። ደወልኩለት።

«ለምን አትመልስለትም?»

«ምኑን?»

«የሚጠይቅህን! ዝም ትለዋለህ።»

«እኔ ነኝ ዝም የምለው? እየመለስኩለት ፊቴ ላይ የሚዘጋው እሱ! ማሽንሽ ደንቆሮ ነው። ደንቆሮ ብቻ አይደለም፣ ባለጌ ነው፤ እየመለስኩለት ‹ደህና ይሁኑ› ብሎ ያባርረኛል!»

«እኔ ጋ የሚታየኝ ባዶ ነው።»

«እንግዲያው ዓይንሽን ታከሚ!»

ስልኩን ዘጋብኝ። እኔም ልዘጋበት ነበር፤ ቀደመኝ።

በማግስቱ ፊቴን አጥቁሬ አዳራሽ ገባሁ። አሠልጣኟ አጠገቤ ተቀምጣ ባዶዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ አየች።

«ምናልባት ድምፁ ደካማ ይሆን?»

«የእሱ ድምፅ? ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር። ሆን ብሎ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እ» አልኳት። አዎ ማለቴ ነው። አገራችን ሰው ሲስማማ እንደሚያደርገው፣ አፍ ትንሽ ከፈት ብሎ፣ አየሩ ሽው ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ።

አሠልጣኟ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «እትዬ፣ አሁን ምን አሉኝ?»

«አዎ አልኩሽ።»

«አዎ አላሉኝም።»

«ታዲያ ምን አልኩሽ?»

ወንበሯን አስጠጋች። ከዚያ ስልኬን አንስታ የራሴን መተግበሪያ ከፈተችና ፊቴ አጠገብ አደረገችው። «ጋኑ ታጥቧል?» አለ ስልኩ። እንደ ቅድሙ ትንፋሼን ሳብኩ። ስልኩ ትንሽ ጠበቀና «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አለኝ። ስክሪኑ ላይ ከሥሩ ባዶ መስመር ወጣ።

እስካውቱ «ስጭኝ እስቲ» ብሎ ስልኩን ወሰደና እሱም ሳበ። ባዶ። ከኋላችን ያሉት መጡ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ስልክ አፉ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ይስባል፤ በየቦታው «አልሰማሁም»፣ «አልሰማሁም»፣ «ደህና ይሁኑ» ይሰማል። አዳራሹ ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋበት ሰው ይመስል ሽው ሽው ይል ጀመር። የሆቴሉ አስተናጋጅ በር ላይ ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ? አስም ነው?» አለች። እዚያ ላይ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እስካውቱ እንባውን በጋቢው እየጠረገ «እኔ የሠራሁትም እኮ ‹ጭላዳውን አዩት?› ብሎ ይጠይቃል፤ አማርኛ የተማረ ፈረንጅ ብቻ ነው የሚጨርሰው!» አለ።

አሠልጣኟም ጎንደር ተወልዳ አድጋ፣ ራሷ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ እያለች፣ አስባው አታውቅም ነበር። ስልኩን የምትፈትነው ቁጭ ብላ፣ ቃሉን አጥርታ ነው። እኔም ያው። ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ ብዬ የኮራሁት ሴትዮ፣ ሰው ቃል ሳያወጣ የሚለውን ረስቼው ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ መልሶ ነበር። አራቱንም ጊዜ መልሷል። ይህን መጻፍ ግድ ስለሆነ ጽፌዋለሁ። ስለ ስምንተኛ ክፍሉ ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

አሠልጣኟ አንድ መላ አቀረበች፦ «ረዳቱ መጀመሪያ ላይ ‹እባክዎ አዎ ወይም የለም ይበሉ› ብሎ ያስታውሳቸው።»

«አይሆንም» አልኳት። «ሰው ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚናገር ስልክ አያስተምረውም። ይልቅ አዎ የሚያስብል ጥያቄ አልጠይቅም።»

«ታዲያ ምን ይጠይቃል?»

«የሚያየውን። የሚሸተውን። ያን በትንፋሽ መመለስ አይችልም።»

ሳምንቱን በሙሉ መተግበሪያውን አፍርሼ ሠራሁት። «ጋኑ ታጥኗል?» የሚለውን «ጋኑ ውስጥ ምን ይሸታል?» አደረግሁት። «ጥንስሱ ነቅቷል?» የሚለውን «ላዩ ላይ ምን ይታያል?» አልኩት። ከዚያ ሰው ሊመልስ የሚችለውን ሁሉ መጻፍ ነበረብኝ። አረፋ አውጥቷል። ተፍለቅልቋል። ዝም ብሏል። ምንም የለም። እስካውቱ ከጎኔ ሆኖ «‹እንደ ቀበሌ ስብሰባ ይንጫጫል› የሚልም አይጠፋም፤ ጻፊው» ይለኝ ነበር። ጻፍኩት። እንዲህ ያለ ሳምንት አሳልፌ አላውቅም። ጠዋት ቁርሴን ቆሜ በልቼ ነበር የምሮጠው፤ የጉልበቴን ሕመም የማስታውሰው ማታ ስቀመጥ ነው።

ለወንድሜ እንደገና ላክሁለትና «ማሽኑ ጆሮውን ታክሟል» ብዬ ነገርኩት። ከዚህ በላይ አላልኩትም። እሱም «እንይ» አለ።

ከዚያ በኋላ የምከታተለው በስክሪኑ ነበር። «ጋኑ ውስጥ ምን ይሸታል?» ከሥሩ፦ «ወይራ ወይራ ይላል ልጄ።» ስልኩን ልጄ ይላት ጀመር! «ጌሾው ምን ይመስላል?» ከሥሩ፦ «ደቅቋል፤ እጄም አብሮ ደቅቋል።» ብቻዬን እያነበብኩ እስቅ ነበር። ጥንስሱ በብርዱ ምክንያት ዘገየ፤ ስልኩ አረፋ እስኪያይ ድረስ አላሳለፈውም። ወንድሜ «እባክሽን ልጄ፣ ቀኑ እየደረሰብኝ ነው» ብሎ ሲለምናት አነበብኩ። «እንጠብቃለን። ከእሳቱ ጠጋ ያድርጉት» አለችው። እኔ ነኝ የጻፍኩላት።

ቂጣና እንኩሮ የሚሠራበት ቀን ደረሰ። ዱቄቱን በውኃ ለውሶ ምጣድ ላይ ማንኮር ለለመደው ቀላል ነው፤ ዕድሜውን ጠመኔ ይዞ ለኖረ ሰው ግን ቀልድ አይደለም። ድፍድፉ ከተበላሸ ሌላ ለመጥመቅ ጊዜ የለም፤ ማኅበርተኛው መጥቶ ባዶ ጋን ሊያይ ነው። የእናታችን ማኅበር ነው፤ ውርደቱ ለእኔም ይደርሰኛል። መናኸሪያ ሄጄ የዳባት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። የሚኒባሱ ረዳት «እናት፣ ሂሳብ» ሲለኝ ነቃሁ። ከሄድኩ ወንድሜ ይድናል፣ የእኔ ሥራ ግን ወደቀ፤ ሠሪው ከረዳ አይቆጠርም። ወረድኩ። ረዳቱ ከኋላዬ «ምነው፣ ተጣላን?» አለ። ወደ አዳራሹ ተመለስኩ።

ስክሪኑን ስከፍት «እንኩሮው ምን መልክ አለው?» ከሚለው ሥር «ጥቁር። ግማሹ ጥቁር ነው። ቤቱም ጥቁር ነው» ይላል። ስልኳ «የጠቆረውን ይለዩት፤ በቀረው እንቀጥላለን» ብላዋለች። ቀጥሏል።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት፣ ለሥልጠናው መጨረሻ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወደ ዳባት ሄድኩ። ከመውጣቴ በፊት ኮምፒውተሩን አየሁ። የመጨረሻዋ ደረጃ አልተመለሰችም። ጋኑ ሲከፈት ስልኩ አንዴ ይጠይቃል፣ ሰውዬው ይመልሳል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ዳባት ስደርስ እንዳየሁት፣ ወንድሜ ጠላው እንደደረሰ በአፍንጫው አውቆ፣ ስልኩን ሳይከፍት ጋኑን ከፍቶታል። አስተማሪ አይደል! በሕጉ መሠረት አልጨረሰም። እኔ ደግሞ አስታውስ ልለው አልችልም።

ቤቱ ሞልቷል። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። ዳቦውን የጋገረችው የተኮራረፈችው ጎረቤቱ ናት፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው ሰማሁ። «በሩን ዘግተው እንኩሮ ሲያነኩሩ ጢሱ በጣሪያ ወጣ» አለች ለማኅበርተኛው ሁሉ። «ቤቱ ተቃጠለ ብለን ከባሌ ጋር ባልዲ ይዘን አጥሩን ዘለልን። ብንገባ የኔታ ከእግር እስከ ራሳቸው ዱቄት ሆነው፣ ከስልክ ጋር ይጨቃጨቃሉ!»

ወንድሜ «ዘግቼ የነበረው ለብርዱ ነው» አለ። ማንም አላመነውም።

ካህኑ ቀመሱ። እንደገና ቀመሱ። «መረር ብሏል። ግን ጠላ ነው» አሉ። «ማን ጠመቀልህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እኅትህ መጥታ ነው» አለ አንዱ ማኅበርተኛ ወደ እኔ እያየ። «ያ የእሷ ጠላ ነው፤ እናውቀዋለን።»

«እሷ እግሯን አላነሳችም! ራሴ ነኝ!»

«አይ የኔታ፣ በሚካኤል ቀን!»

ቤቱ ሳቀ። ወንድሜ ሲያስተምር እንደነበረው ጣቱን አነሳና «ቆዩ!» አለ። ስልኩን ከኮቱ ኪስ አወጣ። ከፈተው። ስልኩ በዚያች ጥርት ባለች ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ። አሁን ጋኑን ይክፈቱት። ምን ይሸታል?» አለች።

ቤቱ ሁሉ ባንዴ መለሰ። አንዱ ጌሾ ይላል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ለስልኩ «አንቺ ማነሽ?» ትላለች። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም። ምን ይሸታል?» አለች ስልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ካልሰማች ትዘጋለች። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ጨብጬ ተቀመጥኩ። ካህኑ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ጸጥ! የጠመቀው ይመልስ» አሉ።

ወንድሜ ተነስቶ ወደ ጋኑ ሄደ። አጎነበሰና በረጅሙ አሸተተ። ትንፋሹ ወደ ውስጥ ሲገባ በጸጥታው ውስጥ ተሰማ፤ እዚያው እንዳይቀር ፈራሁ። ከዚያ ገበያ ድረስ በሚሰማው ድምፁ «ወይራ ወይራ ይላል! ጌሾው በርትቷል!» አለ።

«እንግዲያው ደርሷል» አለች ስልኩ። «ለእንግዶችዎ ይቅዱ። በረከቱ ይብዛልዎ።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ፤ አሠልጣኟ ነበረች። ከደባርቅ ሆና ስክሪኑን ስታይ ኖሯል፦ «እትዬ ጨረሰ!!!» ይላል።

«ይችን ማን ሠራት?» አሉ ካህኑ።

ወንድሜ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ይች ናት።»

ከሴቶቹ አንዷ ዞር ብላ «እትዬ፣ የት ተምረሽ ነው?» አለችኝ።

«ስምንተኛ ክፍል ላይ ተቋርጦ ነበር» አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። «ከዚያ ቀጠልኩ።»

በዚያ ቤት ከነበሩት ሽማግሎች አብዛኞቹ የማቋረጤን ነገር ያውቃሉ። ወንድሜ ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም ይላል ብዬ አልሄድኩም። ማንቆርቆሪያውን ግን ለሌላ ሰው አልሰጠም። ራሱ ይዞ መጣና ቀዳልኝ። ጠጣሁት።

«ጌሾ አብዝተሃል፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት።

ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እ» አለ።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ደባርቅ ገባሁ። በሁለተኛው ቀን መተግበሪያው ተላከ። ከወር በላይ ቆይቶ ጸደቀና ለሕዝብ ወጣ፤ የሠሪው ስም በሚለው ቦታ የእኔ ስም አለ። እስካውቱም ጥያቄዎቹን ሁሉ ለውጦ በሚቀጥለው ዙር አለፈ። ከገና በኋላ ወንድሜ ደውሎ ለፋሲካ ድፎ ዳቦ የሚያስጋግር እንድሠራለትና እንደ በፊቱ መጀመሪያ ለእሱ እንድልክለት ጠየቀኝ። ሥራውን ጀምሬዋለሁ፣ እሱ ግን እንደማንኛውም ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል አልኩት። ለሙከራው ሌላ ሰው መረጥኩ።